አንደበትን ስለ መፍታት፤ የሁለት መምህራን ምልልስ በጃጁራ

በሀዲያ ምድር፣ በሶሮ፣ እንሰት ከጓሮዋ የማይለያት ጃጁራ የምትባል ከተማ አለች። የዚህች ከተማና የዙሪያዋ ቀበሌዎች ልጅ በእናቱ ቤት ሀዲይሳ ይናገራል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይለምዳል፤ ከዚያም ገና ለጋ ሳለ፣ ከመጽሐፍና ከመምህሩ አፍ በቀር ከማንም የማይሰማውን እንግሊዝኛ ሦስተኛ ልሳን አድርጎ እንዲይዝ ይጠየቃል። ለሁለተኛ ደረጃ ሲደርስም ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚመጣለት በዚሁ በሦስተኛው ልሳን ነው። ልጁ በዚህ ልሳን መጻፍ ተችሎት ሲናገር ግን ለምን እንደሚታሰር፣ የታሰረውስ በምን እንደሚፈታ በቅርብ ለማየት ሁለት ሰዎችን እናነጋግራለን፤ አንደኛው በከተማይቱ የሚያስተምር ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ሁለተኛው በልጅነታቸው ከቅኔ ቤት ውለው፣ ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ለብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ አረጋዊ ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ልቤ ቢጨነቅብኝ ነው የመጣሁት። ተማሪዎቼ ሰዋስዉን ያውቃሉ፤ ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ ለይተው ምርጫውን ያከብባሉ፤ ምንባቡንም ያነባሉ። የንግግር ክፍለ ጊዜ ደርሶ አንዱን በስሙ ጠርቼ ሳስነሣው ግን፣ አንገቱን ደፍቶ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሩ እየፋቀ ይቆማል፤ እኔም እጠብቃለሁ፣ እርሱም ይጠብቃል፣ ክፍሉም ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ተሸንፌ “ተቀመጥ” የምለው እኔ ነኝ።

አረጋዊው፦ እስቲ ቆየኝ ልጄ። ጠዋት ወደ ክፍል ስትገባ ምን ብለው ይቀበሉሃል?

ወጣቱ፦ ብድግ ብለው “ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር” ይላሉ። “ሃው አር ዩ” ስላቸው “ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር” ይሉኛል፤ “ሲት ዳውን” ስል ደግሞ “ታንክ ዩ ቲቸር” ብለው ይቀመጣሉ። ድምፃቸው ከአጥሩ ውጭ ይሰማል።

አረጋዊው፦ እንግዲያስ አንደበታቸው ዝግ አይደለም። ስድሳ ሆነው በአንድ ቃል የሚሉትን ቋንቋ አንዱ ለብቻው ቆሞ ሲለው የሚያንቀጠቅጠው ቋንቋው ሊሆን አይችልም፤ የስድሳ ሰው ዓይን ነው እንጂ። በማኅበር ሲባል የአንዱ ስሕተት በሌላው ድምፅ ይሸፈናል፤ ለብቻው ሲቆም ግን ስሕተቱ ከነስሙ ይመዘገብበታል። አንተ መድኃኒት የምትሻው ለዕውቀት ማነስ ነው፤ ደዌው ግን ሐፍረት ነው፤ ሐፍረት ደግሞ ሰዋስው ቢጨምሩለት አይድንም።

ወጣቱ፦ መሣቁስ ይሣቃሉ። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ አለኝ፤ “ስኩል” ሊል “ኢስኩል” ቢል የከተማው ልጆች ሣቁበት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መጠሪያው “ኢስኩል” ሆኖ ቀረ። በጽሑፍ ሥራ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ ልጅ ነው፤ አሁን ግን እጁን አያወጣም።

አረጋዊው፦ ያ ልጅ ያደረገውን ልብ ብለኸዋል? ሀዲይሳ ቃልን በሁለት ተከታታይ ተነባቢ አይጀምርም፤ ስለዚህ የልጁ አንደበት አናባቢ አስቀድሞ እንግዳውን ቃል በሚያውቀው ሥርዓት አስገባው። ይህ የልሳኑን ሕግ ማክበር ነው፤ ድንቁርና አይባልም። ነገሩን ለክፍሉ በሙሉ ብታስረዳ፣ የሣቁትም ልጆች ያው ሕግ በራሳቸው አፍ ውስጥ እንዳለ ያዩታል። ደግሞም የጎደለውን ብቻ አትቁጠርበት። ሀዲይሳ አጭሩን አናባቢ ከረጅሙ የሚለይ ልሳን ነው፤ በአናባቢው መርዘም ብቻ የቃሉ ፍቺ ይለወጣል። እንግሊዝኛ መርከብን “ሺፕ”፣ በግን ደግሞ ድምፁን አስረዝሞ “ሺይፕ” ሲል፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ጆሮው የሚቸገርበትን ልዩነት የሶሮ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ይህን የነገረው መምህር ግን የለም።

ወጣቱ፦ እኔም ዛሬ መስማቴ ነው። በንባብ ላይ ያለውን ችግር ግን አውቀዋለሁ፤ ሀዲይሳ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ “ሲ” የምትባለውን ፊደል “ጭ”፣ “ኤክስ”ን “ጥ” እያሉ ለምደዋልና፣ ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገሩ ይደናገራሉ።

አረጋዊው፦ እርሱ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ የሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን ጽፈህ ከግድግዳው ላይ ለጥፈው። ዋናው ችግር ሌላ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው?

ወጣቱ፦ 40 ደቂቃ።

አረጋዊው፦ አንተ ግማሹን ብትናገርበት 20 ደቂቃ ይተርፋል። ይህን ለ60 ተማሪ በየተራ ብታካፍል ለአንዱ 20 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ስም ጠርቶ ለማስነሣት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ግን፣ ያው 20 ደቂቃ ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ ይሆንለታል። ከመንግሥት ገንዘብ ሳይጠየቅ፣ አዲስ ክፍል ሳይሠራ፣ የተማሪው የመናገሪያ ጊዜ ሠላሳ እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ በአንድ ለአምስት፣ አንዱን ጎበዝ ከአምስት ጋር አደራጅተን ሞክረነዋል እኮ፣ ጋሼ። ጎበዙ ይናገራል፣ የቀሩት ያዳምጣሉ፤ ሴቶቹማ ከነጭራሹ ድምፃቸው አይሰማም።

አረጋዊው፦ አንድ ለአምስት ያው ጉባኤ ነው፤ መጠኑ አነሰ እንጂ ተናጋሪና አድማጭ ያለው ጉባኤ መሆኑ አልቀረም። በሁለት ሰው መካከል ግን አንዱ ዝም ካለ ነገሩ ራሱ ይቋረጣልና የሚደበቅበት ጥግ የለውም፤ የሚሣቅበትም ሸንጎ የለውም። ሴቶቹን በመጀመሪያው ወር ከወንዶቹ ጋር አታጣምር፤ ከምታምናት ጓደኛዋ ጋር ትጀምር። ጫጫታውን በተመለከተ፣ አስቀድመህ ለርእሰ መምህሩ ንገር፤ ሠላሳ ጥንድ የሚናገርበት ክፍል ጸጥ ሊል አይችልም፤ ጸጥታን የሥርዓት ምልክት አድርጎ የሚቆጥር አለቃ ካለ የንግግር ትምህርት በዚያ ቤት አይበቅልም።

ወጣቱ፦ ስሕተታቸውንስ ማን ያርማል? እኔ ሠላሳውን ጥንድ በአንድ ጆሮ ልሰማ አልችልም።

አረጋዊው፦ ሁሉንም ልትሰማ አይገባህም። በእጅህ ትንሽ ደብተር ይዘህ በዴስኮቹ መካከል እየዞርህ ስማ፤ የብዙዎች የሆነውን ስሕተት ያዝ፤ ሲናገሩ ግን አታቋርጣቸው። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ከያዝኸው አምስት ስሕተት መርጠህ በሰሌዳው ላይ ጻፍ፤ የማን እንደ ሆኑ ሳትናገር ሁሉም በኅብረት ያርሙት። ስሕተቱ ይታረማል፣ ባለቤቱ አይታወቅም። እኔ ይህን የተማርሁት ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት አይደለም፤ ከቅኔ ቤት ነው።

ወጣቱ፦ ከቅኔ ቤት? የአብነት ተማሪ በግርፋትና በቃል ጥናት ብቻ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

አረጋዊው፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። እስቲ አስብ ልጄ፤ ግእዝ የማንም እናት ቋንቋ አይደለም፤ በገበያ የሚነገርበት፣ በቤት የሚሰማበት አገር የለም፤ ይሁን እንጂ የገበሬ ልጅ አቁማዳውን ተሸክሞ ገብቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጉባኤ መካከል ቆሞ በዚያ ልሳን አዲስ ነገር ይፈጥርበታል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ተማሪው በቀን ወደ ዱር ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለት በልቡ ያዘጋጃል፤ ማንም አይቸኩልበትም፣ ማንም አያየውም። የቆጠረውን ይዞ ሲመለስም በቀጥታ ወደ ጉባኤ አይወጣም፤ አስቀድሞ ከመምህሩ ወይም ከእርሱ በዕውቀት ከሚቀድመው ከአስነጋሪው ፊት ይነግራል፤ እዚያ ይቃናለታል፣ የጎደለው ይሞላለታል። በመጨረሻ በጉባኤ የሚቆመው የታረመውን ይዞ ነው። መጠኑንም ተመልከት፤ ለጀማሪ የሚሰጠው የሁለት ቤት፣ ማለት የሁለት ስንኝ፣ ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ የሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይከተላል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ የስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ገና የገባውን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን “መወድስ አምጣ” ያለ መምህር አልሰማሁም። እኛ ግን በእንግሊዝኛ ክፍል ያንኑ እናደርጋለን፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር አከታትሎ ተናግሮ የማያውቀውን ልጅ፣ ያለ ማሰቢያ ጊዜ፣ በስድሳ ሰው ፊት አቁመን “ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም ተናገር” እንለዋለን። የጎደለን ዘዴ አይደለም፤ ከደጃችን ያለውን ዘዴ አልተጠቀምንበትም።

ወጣቱ፦ መቁጠር፣ ለአንድ ሰው መንገር፣ ከዚያ በጉባኤ መቆም። ይህ ገባኝ። ግን በቅኔ ቤት ግእዙን የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ መዓርጉም እንጀራውም በዚያ ነው። የእኔ ተማሪ ከጎኑ ለተቀመጠው ጓደኛው በሀዲይሳ መንገር ሲችል በእንግሊዝኛ ለመንገር ምን ያስገድደዋል?

አረጋዊው፦ ጥያቄህ የነገሩን ሥር ነካው። እኔ በልጅነቴ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ሁለተኛ ደረጃ የገባሁት የሰላም ጓድ አሜሪካውያን በሚያስተምሩበት ዘመን ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ አስተማሪዎች ከአሜሪካ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበር። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ በማስተማር ከእኛ መምህራን ይበልጡ ነበር አልልም፤ ነገር ግን አማርኛቸው ጥቂት ነበረና፣ ከክፍል ለመውጣት ፈቃድ የፈለገ፣ ደብተሩ የጠፋበት፣ የታመመ ሁሉ እንደምንም ብሎ በእንግሊዝኛ መንገር ነበረበት። ችግር አናገረን። አንተ ግን አማርኛቸውንም ሀዲይሳቸውንም ታውቃለህና ያ ችግር የለም፤ ስለ ሆነም ችግሩን አንተ መፍጠር አለብህ።

ወጣቱ፦ እንዴት ይፈጠራል?

አረጋዊው፦ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቀው በማድረግ። ለአንደኛው የቅቤ፣ የጤፍና የቆጮ ዋጋ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ስጠው፤ ለሁለተኛው ደግሞ የሚገዛውን ዕቃና ያለውን ገንዘብ ጻፍለት፤ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ይቀመጡ። ሁለተኛው ካልጠየቀ ሊገዛ አይችልም፤ አንደኛው ካልመለሰ ሊሸጥ አይችልም። ከሁሉ አስቀድመህ ግን የመለማመጃ ቃል አስታጥቃቸው፤ “አልሰማሁም፣ እንደገና በልልኝ”፣ “ቀስ በል”፣ “ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል” የሚሉትን በእንግሊዝኛ በቃላቸው ያጥኗቸው። ተማሪ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ የሚለው አጥቶ ብቻ አይደለም፤ አለመረዳቱን የሚገልጽበት ቃል ስለሌለው ነው።

ወጣቱ፦ ከዚህ አልፎ ረዘም ያለ ነገር እንዲናገሩስ ብፈልግ? በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ርእስ ብዙ ጊዜ ይርቃቸዋል፤ አይተውት ስለማያውቁት የባቡር ጣቢያና ስለ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲናገሩ ይታዘዛሉ።

አረጋዊው፦ ከሚያውቁት ጀምር። በመስከረም የሀዲያው በዓል ያሆዴ ሲከበር በየቤቱ ከቡላ የሚሠራው አታካና ይቀርባል፤ ቡላው እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ በክፍልህ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚናገረውን ነገር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቋንቋውን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ማቅለጥ፣ መጨመር፣ ማማሰል፣ ማቅረብ የሚሉትን ግሦች በእንግሊዝኛ ጻፍላቸው። ሦስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁጠሩ፤ በሀዲይሳ ቢያስቡ፣ በሀዲይሳ ቢማከሩም አትከልክል። ከዚያ አንዱ ለጓደኛው አራት ደቂቃ ይንገር። ጓደኛ ለውጦ ያንኑ ነገር በሦስት ደቂቃ፣ ደግሞ ለውጦ በሁለት ደቂቃ ይንገር። በመጀመሪያው ጊዜ የተንተባተበው ልጅ በሦስተኛው ጊዜ ቃሉ ሲፈጥንለት ራሱ ይሰማዋል፤ የአንደበት መፍታት የሚባለው ይህ ነው፤ አዲስ ዕውቀት ሳይጨመርበት ያለው ዕውቀት ወደ አፉ መጣለት። ንግግሩ ሲደመር ለአንዱ 9 ደቂቃ፣ ለሁለቱ 18 ደቂቃ ነው፤ ቅድም ያሰላነው 20 ደቂቃ ለንግግሩ ይበቃዋል፤ የመቁጠሪያውን ሦስት ደቂቃ ከአንተ ድርሻ ውሰድ።

ወጣቱ፦ በሀዲይሳ ይማከሩ ማለትዎ ግን አስደነገጠኝ። ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በግቢው እንዳይነገር የሚከለክሉ፣ የተናገረውንም የሚቀጡ ትምህርት ቤቶች አሉ።

አረጋዊው፦ አሉ፤ ስሕተትም ያደርጋሉ። ልጅን በእናቱ ቋንቋ ስለ ተናገረ የቀጣኸው እንደ ሆነ እንግሊዝኛ አይናገርልህም፤ ዝም ይልሃል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለማስተማሪያ ከዋሉት 15 ቋንቋዎች መካከል ሀዲይሳና ከምባትኛ ነበሩ፤ ፊደል ያልቆጠረው አዛውንት በገዛ ቋንቋው ሲያነብ ያየ ሰው የእናት ልሳን ለዕውቀት በር እንጂ ግንብ እንዳልሆነ አይጠፋውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ፣ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስቀምጦታል። ሁለቱ አይጣሉም። ሀዲይሳው የመቁጠሪያው ዱር ይሁን፤ እንግሊዝኛው የመንገሪያው ጉባኤ ይሁን።

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ይቀረኛል። ወላጁም ተማሪውም የሚለኝ “ማትሪክ አፍ አይጠይቅም” ነው። እውነታቸውን ነው፤ ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ማጥቆር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህማ፣ ለንግግር የሚጠፋ ጊዜ ሁሉ ከፈተና የተሰረቀ ይመስላቸዋል።

አረጋዊው፦ የዚያን ውጤት ጥፋት ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ አልጭነውም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም የፊዚክሱም የሥነ ሕይወቱም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቋንቋ አንድም ጊዜ “አልገባኝም” ብሎ ያልጠየቀ ልጅ፣ ያልገባውን ይዞ ወደ ፈተና ይገባል። ንግግር የሚጠቅመው ለንግግር ብቻ አይደለም፤ መጠየቅ የሚችል ተማሪ በማናቸውም ትምህርት መምህሩን ሊከተል ይችላል። ደግሞም ከዚህ አገር ስንቱ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ተሰደደ ታውቃለህ፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ልጁን ወይም ወንድሙን ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። እነዚያ ልጆች በሰው አገር ሱቅ ቆመው ዋጋ የሚናገሩት፣ ቢበደሉ ለፖሊስ የሚያስረዱት በምንድን ነው? መሰደዳቸውን አልደግፍም፤ በአገራቸው ሠርተው ቢኖሩ እወዳለሁ። ነገር ግን የሄደውም የቀረውም መብቱን የሚናገርበት አንደበት ሳይኖረው ከእጃችን እንዲወጣ ልናደርግ አይገባም።

ወጣቱ፦ እኔስ ራሴ? እውነቱን ልንገርዎ፣ ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ለመናገር እንፈራለን፤ ሰዋስዉንም በአማርኛ የምናስተምርበት ቀን ይበዛል።

አረጋዊው፦ በዚህ አትፈር፤ ያሳደገህ ሥርዓት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ፣ ትምህርቱን የሚሰጠው መስኮቱ ሆነ፤ መምህሩ ከጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ አቅራቢው በፍጥነት ተናግሮ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተማሪው አፉን ሳይከፍት መልሱን ራሱ ይሰጣል። በዚያ ዘመን የተማረ ልጅ ዛሬ መምህር ሆኗል፤ ሰሚ ሆኖ ነው ያደገው። አሁን የሚሻልህ እንዲህ ነው፤ የክፍል ትእዛዙን ሁሉ፣ ደብተር አውጡ፣ ተጣመሩ፣ ጊዜው አልቋል የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገር፤ ይህ በየቀኑ የሚደጋገም ስለ ሆነ አንተም ትለምደዋለህ፣ እነርሱም ይለምዱታል። ከእንግሊዝኛ ባልደረቦችህም ጋር በመምህራን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ብቻ ተወያዩ፤ በሆሳዕና ካለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም የቋንቋ መምህራን መጥተው እንዲያግዟችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ያልተጠየቀ አይመጣም።

ወጣቱ፦ ነገ ምን ላድርግ? ሁሉን ባንድ ጊዜ ልጀምረው አልችልም።

አረጋዊው፦ አትጀምረው። ነገ ሁለት ሁለት አድርገህ አጣምራቸው፤ በዚህ ወር የገበያውን ጥያቄና መልስ ብቻ አስለምዳቸው፤ “ኢስኩል” ያሉትንም ልጅ ከሁሉ አስቀድመህ አስነጋሪ አድርገው፤ በጽሑፍ የሚበልጥ ከሆነ የጓደኞቹን ቃል ሊያቃና ይችላልና። ከተከታታይ ምዘናው ደግሞ 10 ነጥብ ለንግግር ለይ፤ ያም በጥንድ ለሚደረገው ንግግር ይሁን። ለወላጆችም በስብሰባ ቀን እንዲህ በላቸው፤ ልጃችሁ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ፣ እናንተ እንግሊዝኛ ባታውቁትም፣ “ዛሬ የተናገርኸውን አሰማኝ” ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲናገር አትሣቁበት፤ እኅት ወንድሞቹም እንዳይሣቁበት ከልክሉ።